ብቻውን የበላ... በኦሳካ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከአርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መክረም ይቻላል? ታሞ፣ ታስሮ ወይም ሱባኤ ገብቶ ማለቴ አይደለም። በሙሉ ጤና፣ ኪስ ውስጥ ገንዘብ እያለ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ መሃል!

"አይቻልም" ካላችሁ ለትምህርት ሄዶ ጃፓን፣ ኦሳካ ከተማ የኖረውን ወዳጄን አታውቁትም ማለት ነው። አርብ ማታ ከዩኒቨርሲቲው ወጣ። ባቡሩን በካርድ ገባ፣ በካርድ ወጣ። እራቱን ከሱቅ አነሳና በማሽን ከፈለ። ቅዳሜ ምግብ ቤት ሲገባ ያዘዘው በሩ አጠገብ ከቆመች የትኬት ማሽን ነው። እሁድ ልብሱን አጠበና ተኛ። ሰኞ ጠዋት መምህሩ "እንደምን አደርክ?" ሲሉት አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም! "ጉሮሮዬ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ አለ" ብሎኛል። "ሰውየው ጉንፋን የያዘኝ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ሁለት ቀን ተኩል ሙሉ ከሰው ጋር እንዳላወራሁ ያወቅኩት ያኔ ነው።"

እኔም ለስልጠና ተልኬ እዚያው ከተማ ጥቂት ወራት ስለከረምኩ ነገሩ ገብቶኛል። ታዲያ ኦሳካ ድብርት የነገሰባት ከተማ እንዳትመስላችሁ። እንዲያውም ተቃራኒዋ ናት። የባዕድ ሰው ፈተና ያለውም እዚህ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጃፓን መርካቶ

ኦሳካ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት፣ ከቶኪዮና ከዮኮሃማ ቀጥላ የጃፓን ሦስተኛ ከተማ ናት። በድሮ ዘመን የሀገሪቱ ሩዝና ሸቀጥ የሚከማችባት ስለነበረች "የሀገር ጓዳ" የሚል ስም ወጥቶላታል። ሰዉ ነጋዴ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ድምፁም ከቶኪዮው ከፍ ይላል። የድሮ ነጋዴዎቿ ሲገናኙ ሰላምታቸው "ሞካሪማካ?" ነበር ይባላል። "እንዴት ነው፣ ትርፍ አለ?" እንደማለት ነው። መልሱ "ቦቺ ቦቺ ደንና"፤ "ምንም አይል፣ ይመስገን" ብላችሁ ውሰዱት። የመርካቶ ልጅ እዚያ ቢወርድ ቋንቋው እንጂ ጠባዩ አይቸግረውም!

ሌላም አባባል አላቸው። ኦሳካ ሰው የሚከስረው በልብስ ሳይሆን በሆዱ ነው ይላሉ። እየበሉ መደኽየት "ኩይዳኦሬ" ይባላል፤ ቃሉን ሲናገሩትም ሳያፍሩ፣ እየኮሩ ነው።

ለብቸኛ የተሠራ ዕቃ ሁሉ

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። በ1958 ዮሺያኪ ሺራይሺ የሚባል የምግብ ቤት ባለቤት ከኦሳካ አጠገብ ባለችው በሂጋሺ ኦሳካ የመጀመሪያውን የሚሽከረከር ሱሺ ቤት ከፈተ። ሐሳቡን ያገኘው በቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሶች በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ተደርድረው ሲሄዱ አይቶ ነው። ሳህኑ በፊታችሁ ሲያልፍ ታነሳላችሁ። አስተናጋጅ መጥራት የለ፣ ጎረቤትን "አቀብለኝ" ማለት የለ።

በዚያው በ1958 ሞሞፉኩ አንዶ የተባለ ሰው ኢኬዳ በምትባል የኦሳካ ግዛት ከተማ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለች የእንጨት ጎጆ ሲሞክር ሲጥል ቆይቶ የፈላ ውሃ ተጨምሮበት ወዲያው የሚበላውን ኑድል ፈጠረ። እኛ ኢንዶሚ እያልን ለልጆች የምንቀቅለው ዓይነት መሆኑ ነው። ሰውየው ታይዋን የተወለደ፣ በ1933 ኦሳካ የገባ መጤ ነበር። ዛሬ ኢኬዳ ውስጥ ሙዚየም ቆሞለታል። በ1971 ኦሳካ የተወለደው ሙዚቀኛ ዳይሱኬ ኢኖዌ ጎረቤት ከተማ ኮቤ ላይ የካራኦኬ ማሽኑን ሠራ። የፈጠራ መብቱን ስላላስመዘገበ ዓለም ሲዘፍንበት እሱ ሚሊየነር ሳይሆን ቀረ። በ1979 ደግሞ ኪሾ ኩሮካዋ በተባለ አርክቴክት ንድፍ የመጀመሪያው የካፕሱል ሆቴል ኡሜዳ በሚባለው የኦሳካ ሰፈር ተከፈተ። ክፍሉ ክፍል አይባልም፤ ሰው ተኝቶ የሚገባበት ሣጥን ነው።

ደምሩት እንግዲህ። ብቻህን ብላ፤ ብቻህን ቀቅል፤ ብቻህን ተኛ። ካራኦኬውም ቢሆን ዛሬ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ጠባብ ክፍል ይከራያል። ሁሉም ነገር ርካሽ፣ ንጹህና ፈጣን ነው። ሁሉም ሰው ሳያስፈልጋችሁ የምትኖሩበት ነው። አባቶቻችን "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ሲሉ ይህን ከተማ አላዩም ነበር።

ቤት ኪራይ፦ እጅ መንሻ ከነዋሱ

ባዕድ ሰው መጀመሪያ የሚፈተነው በቤት ነው። ከኪራዩ ሌላ መያዣ ይከፈላል፤ ብዙ ቦታም "ሬይኪን" የሚባል አለ። ሬይኪን አከራዩን "ስላከራየኸኝ አመሰግናለሁ" ብሎ የሚሰጥ፣ ፈጽሞ የማይመለስ እጅ መንሻ ነው። ከዚያ ዋስ ይጠየቃል። ዋስ የሌለው ለዋስ ድርጅት ይከፍላል። የደላላው ኮሚሽንም አለ። ከመግባታችሁ በፊት የብዙ ወር ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ከኪሳችሁ ይወጣል።

ይህም ሆኖ "የውጭ ሰው አንፈልግም" የሚል አከራይ ይገጥማል። የጃፓን ፍትህ ሚኒስቴር በ2016 ባስጠናው ጥናት ቤት ከፈለጉት የውጭ ዜጎች ከአስሩ ወደ አራቱ የሚጠጉት የውጭ ሰው በመሆናቸው ብቻ ተከልክለዋል። ወዳጄ ደላላው ፊቱ ተቀምጦ ስልክ ሲደውል፣ "የውጭ ዜጋ ነው፣ ግን ጃፓንኛ ይሞክራል፣ ጨዋ ልጅ ነው" እያለ አከራይ ሲለምንለት ሰምቷል። በአምስተኛው ስልክ ተሳካለት። "የተደሰትኩትን ያህል አፈርኩ" ይላል።

ምክሬ ይህ ነው። የመጀመሪያ ሰሞን በዩኒቨርሲቲው ወይም በመሥሪያ ቤቱ ማደሪያ ግቡ፤ ወይም ወጥ ቤትና ሳሎን በጋራ የሚጠቀሙበትን የጋራ ቤት ፈልጉ። ዋስትናው ይቀላል። ከሁሉም በላይ ማታ ስትገቡ "መጣህ?" የሚል ሰው ይኖራል።

ኑሮው ሕግ አለው

አድራሻ በያዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ተመዝገቡ። የመኖሪያ ካርዳችሁ ሁልጊዜ ከኪሳችሁ አይለይ፤ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል። የሕክምና መድን ግዴታ ነው፤ ግን ለእናንተው ይጠቅማል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ አብዛኛው ሰው የሚከፍለው የወጪውን 30 በመቶ ነው።

ቆሻሻ ዓይነቱና ቀኑ ተለይቶ ይጣላል። ፕላስቲኩን በማይሆን ቀን ያወጣ ሰው ከረጢቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ሲመለስ ያገኘዋል። መላ ሰፈሩም ያየዋል! ባቡር ውስጥ በስልክ አይወራም። በኤስካሌተር ላይ ደግሞ የቶኪዮ ሰው ግራውን ይዞ ሲቆም የኦሳካ ሰው ቀኙን ይዞ ይቆማል። ከቶኪዮ የመጣ እንግዳ የሚታወቀው እዚህ ጋ ነው። ጉርሻ፣ ቲፕ የምንለው፣ የለም። ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ትታችሁ ብትወጡ አስተናጋጁ "ረስታችሁ ነው" ብሎ በሩጫ ይከተላችኋል።

ጿሚ ለሆናችሁ አንድ ማሳሰቢያ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ብዙውን ጊዜ የሚፈላው በደረቀ ዓሣ ነው። ሙስሊም ለሆናችሁም ወጡና ማጣፈጫው ውስጥ የአሳማ ስብ ወይም ከሩዝ የተጠመቀ አልኮል ይገባል። ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቡና ያማራችሁ እንደሆነ ግን "ኪሳተን" የሚባሉትን የድሮ ቡና ቤቶች ፈልጉ። ዝርዝሩ ላይ "ሞካ" የሚል ካያችሁ ከኢትዮጵያ ወይም ከየመን የመጣ ቡና መሆኑ ነው። አገር ቤት ሳይሄዱ የአገር ሽታ!

ማታ ማታ

የኦሳካ ማታ ዶቶንቦሪ ነው። በወንዟ ዳርና ዳር መብራቱ ቀን አስመስሎታል። ከምግብ ቤቶቹ ደጃፍ እግሩን የሚያንቀሳቅስ ትልቅ ሸርጣን ተሰቅሏል። ከድልድዩ ፊት ለፊት ደግሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚሮጥ የአትሌት ምስል በመብራት ቆሟል። በ1935 የተተከለ የከረሜላ ኩባንያ ማስታወቂያ ነው፤ እየታደሰ እስከ ዛሬ አለ። ሐበሻ ሆኖ ያንን ምስል አይቶ ፈገግ የማይል የለም። ገመድ የበጠሰ የእኛ ልጅ ነው የሚመስለው!

በብረት ምጣድ ክብ ክብ ሆኖ የሚጠበሰው ታኮያኪ በውስጡ የኦክቶፐስ ቁራጭ አለው። በመንገድ ላይ ይበላል፤ አፍ እንዳያቃጥል ተጠንቀቁ። ሺንሴካይ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ደግሞ ከ1956 ጀምሮ በቆመው ቱተንካኩ ግንብ ሥር ነው። እዚያ በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበሰው ኩሺካቱ አለ። የጋራ ማጥቀሻ ሲቀርብ ሕጉ አንድ ነው። አንዴ የነከሳችሁትን ተመልሳችሁ አትንከሩ! ዛሬ ብዙ ቤቶች ማጥቀሻውን በጠርሙስ አድርገውታል።

መጠጥ ቤት "ኢዛካያ" ይባላል። ስትቀመጡ ሳታዝዙ ትንሽ ሳህን ምግብ ይመጣላችኋል። የግብዣ መስሏችሁ እንዳትደሰቱ፤ የመቀመጫ ሒሳብ ነው፤ በመጨረሻ ይደመራል። መንገድ ላይ ክንድ እየያዘ "ርካሽ ቤት አለ" የሚላችሁን ደላላ ግን እንዳትከተሉት። ሒሳቡ ሲመጣ ስካሩ ይበርላችኋል።

ሌላው የማታ ጠላት ሰዓት ነው። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ይሄዳል። ካመለጣችሁ ታክሲው ኪስ ያራቁታል። ያለው ምርጫ እስከ ንጋት ካራኦኬ ውስጥ መዝፈን ወይም ያቺ ሣጥን ውስጥ መግባት ነው። እኔ አንድ ጊዜ አምልጦኝ እስኪነጋ የዘፈንኩትን አሁንም የማስታውሰው ጉሮሮዬ ነው።

ያለ ገንዘብ መዝናናት ለሚፈልግ በኤፕሪል መጀመሪያ ግድም የኦሳካ ቤተ መንግሥት መናፈሻ በቼሪ አበባ ይሞላል። ሰው ምንጣፍ ዘርግቶ ይበላል፣ ይጠጣል። ጁላይ 24 እና 25 የቴንጂን በዓል ነው፤ ጀልባዎች በወንዙ ላይ ይሰለፋሉ፤ ማታ ርችት ይተኮሳል። በማርች ደግሞ የሱሞ ትግል ውድድር ወደ ከተማዋ ይመጣል።

ነብሮቹ

ወደ ኦሳካ ሰው ልብ የሚያስገባ አቋራጭ መንገድ ቢኖር ቤዝቦል ነው። የሚደግፉት ሃንሺን ታይገርስን ነው፤ "ነብሮቹን"። በ1985 ቡድኑ የሊጉ አሸናፊ ሲሆን ደጋፊው ድልድዩ ላይ ተሰብስቦ የተጫዋቾቹን ስም እየጠራ፣ መልኩ የሚመስለው ሰው ወደ ወንዙ ይዘል ጀመር። ተራው የአሜሪካዊው ኮከብ የራንዲ ባስ ሲሆን ጉድ ፈላ። እሱን የሚመስል ፈረንጅ ከየት ይምጣ? ከአንድ የዶሮ ጥብስ ቤት ደጃፍ የቆመውን ባለጺም ሽማግሌ ምስል ተሸክመው ወረወሩት!

ቡድኑ በዚያው ዓመት የጃፓን ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ዋንጫው ራቀ። "የሽማግሌው እርግማን ነው" ተባለ። ምስሉ በ2009 ከወንዙ ጭቃ ወጣ። ዋንጫው የተመለሰው በ2023 ነው፤ ከ38 ዓመት በኋላ! እናንተ ግን እንዳትዘሉ። በ2003 በነበረው ጭፈራ ሰው ሞቶበታል።

ነገሩን ያነሳሁት ለሳቅ ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ ሕዝብ ስሙን እየጠራ ሲያብድለት የነበረው ሰው የውጭ ዜጋ ነው። ቤት አላከራይም የሚለውም፣ ለባዕድ የሚያብደውም አንድ ሕዝብ ነው። ልዩነቱ መተዋወቅ ነው።

ስምንት ወንበር

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ድምፁ ከጠፋበት ሰኞ በኋላ ቁርጥ ሐሳብ አደረገ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና አርብ፣ ማሽን የሌለበት ቤት እበላለሁ አለ። ሰፈሩ ውስጥ በሯ ላይ ጨርቅ የተንጠለጠለባት፣ ባንኮኒዋ ስምንት ወንበር ብቻ ያላት ቤት ነበረች። ባለቤቷ በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴትዮ ናቸው። ደንበኞቹ "ኦካን" ይሏቸዋል፤ "እማዬ" እንደማለት ነው።

የመጀመሪያ ቀን ሲገባ ስምንቱም ዞረው አዩት። ጣቱን አንድ አድርጎ "ሂቶሪ" አለ፤ "አንድ ሰው ነኝ"። በላ፣ ከፈለ፣ ወጣ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው አጠገቡ የሚቀመጡ ሽማግሌ የታክሲ ሾፌር አገሩን ጠየቁት። "ኢትዮጵያ" ሲል ባንኮኒውን በጥፊ መቱት። በ2007 የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና እዚያው ኦሳካ፣ ናጋይ ስታዲየም ሲካሄድ ገብተው አይተዋል። ቀነኒሳ በ10 ሺህ ሜትር፣ ጥሩነሽ በ10 ሺህ ሜትር፣ መሠረት በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኙበት ነው። ሽማግሌው ጥሩነሽን አስታውሰው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እያመማት እንዴት እንዳሸነፈች በምልክት አሳዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወዳጄ ስም "ሯጩ" ሆነ። ልጁ ግን ታክሲ ለመያዝ እንኳ ሮጦ አያውቅም!

ያ ክረምት ኢንፍሉዌንዛ ያዘው። ረቡዕ ተኛ። ሐሙስ መነሳት አቃተው። አርብም አልተነሳም። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፤ ከዩኒቨርሲቲው የጠየቀ የለም፤ ቅዳሜና እሁድ መጥቷል። ጃፓኖች "ኮዶኩሺ" የሚሉት ቃል አላቸው። ብቻውን ሞቶ ቆይቶ የሚገኝ ሰው ሞት ማለት ነው። የሀገሪቱ ፖሊስ በ2024 ብቻ ለብቻቸው ሲኖሩ ቤታቸው ውስጥ የሞቱትን ሲቆጥር ከ76 ሺህ በላይ ሆነዋል። ወዳጄ ትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ ያንን ቃል ያስብ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የታክሲው ሽማግሌ ናቸው። በአንድ እጃቸው ትንሽ ድስት፣ በሌላው የመድኃኒት ከረጢት ይዘዋል። ኦካን "ሯጩ አርብ አልመጣም" ብለው ላኳቸው። ሕንጻውን አንድ ማታ በጨዋታ ጠቁሟቸው ነበር። ድስቱ ውስጥ የሩዝ ገንፎ ነው፤ ላዩ ላይ የተቦካ ኮምጣጣ ፕለም። "እማምዬ የሠራችልኝ አጥሚት መስሎኝ አለቀስኩ" ብሎኛል። ሽማግሌው በታክሲያቸው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሒሳብ ሲጠይቃቸው "ቦቺ ቦቺ" ብለው ሄዱ።

ምክር ቢጤ

እንግዲህ ለሥራም ለትምህርትም ወደዚያ የምታመሩ፣ ልጆቻችሁን የምትልኩም፣ ይህን ያዙልኝ።

አንደኛ፣ አንድ ቤት ምረጡና ደንበኛ ሁኑ። በየቀኑ አዲስ ቦታ መሞከር ለጎብኚ ነው። ለነዋሪ የሚበጀው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወንበር መገኘት ነው። ስትቀሩ የሚጠይቃችሁ ሰው የምታገኙት መገኘታችሁ ከታወቀ ብቻ ነውና። ብዙዎቹ ትንንሽ ቤቶች ካርድ ስለማይቀበሉ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ከጠባብ ባንኮኒ ላይ ደግሞ በልታችሁ ስትጨርሱ ለሚጠብቅ ሰው ልቀቁ።

ሁለተኛ፣ ቋንቋውን ሳትፈሩ ተናገሩ። በየሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች የሚያስተምሩበት ርካሽ የጃፓንኛ ክፍል አለ። ስልክ ላይ ያለው ተርጓሚ ቃል ይሰጣችኋል እንጂ ጓደኛ አይሰጣችሁም። ደግሞ የኦሳካዋን ምስጋና ልመዱ፤ "ኦኪኒ!" በሏቸው። የተኮሳተረው ሁሉ ይስቃል።

ሦስተኛ፣ የሰፈሩን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሞክሩ። ገንዳው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ገላችሁን በሳሙና አጥባችሁ፣ አለቅልቃችሁ ግቡ፤ ፎጣችሁ ውሃው ውስጥ አይግባ። ሀብታምና ደሃ፣ ባዕድና ባለአገር የሚለየው ልብስ እዚያ የለም። የሰፈር ወሬ የሚገኘውም እዚያ ነው።

አራተኛ፣ ከመጣችሁ ቀን ጀምሮ አድራሻችሁን የሚያውቅ ቢያንስ አንድ የአካባቢው ሰው ይኑራችሁ።

ወዳጄ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ የመጨረሻዋን አርብ ምሽት እዚያችው ቤት አሳለፈ። ኦካን ሒሳብ አልተቀበሉትም። እሱ ደግሞ ከአገር ቤት የተላከለትን አንድ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ሰጣቸው። ስምንቱ ወንበር ሞልቶ ስለነበር የታክሲው ሽማግሌ ተነስተው ቆመው ቦታቸውን ለቀቁለት።

አሁን አዲስ አበባ ነው ያለው። ማክሰኞና አርብ ማታ ብደውልለት ስልክ አያነሳም። ሰፈሩ ካለች አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት፣ ከሰዎች ጋር እየበላ ነው።

ቸር ይግጠመን!